ድራም በቤት ለመቅረጽ የትኛው ክፍል ይሻላል? ዝርዝር መመሪያ

ቤቱ ውስጥ ድራም ለመቅረጽ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማይክ ነው። ስንት ማይክ ይበቃኛል? የቱ ኮንደንሰር ይሻላል? ስምንት መግቢያ ያለው ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ መሣሪያ) ልግዛ ወይስ ባለ ሁለቱ ያስኬደኛል? ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፤ ሜትር፣ አንድ ፍሎር ቶም (በእግሮቹ ወለል ላይ የሚቆመው ትልቅ ቶም) እና አንድ ጓደኛ ይዛችሁ ቤቱን ክፍል በክፍል ዙሩት። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ወጪም የለበትም። በቀረጻው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ማይክ ከመቀየር ይበልጣል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዘፋኝ ሲቀረጽ ማይኩ ከአፉ የሚርቀው አንድ ስንዝር ያህል ነው፤ ክፍሉ መጥፎ ቢሆንም ከኋላው ብርድ ልብስ ሰቅሎ ማምለጥ ይቻላል። ድራም በዚህ አይታለልም። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ከ50 እስከ 70 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር) አካባቢ ያለውን ወፍራም ድምፅ ይለቃል፤ ሲምባሉ ከ10,000 ኸርዝ በላይ ይረጫል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ በየአቅጣጫው ይወጣል። ከላይ የሚቆሙት ሁለቱ ኦቨርሄድ ማይኮች ደግሞ ከሲምባሉ አንድ ሜትር ገደማ ስለሚርቁ፣ ከግድግዳ፣ ከወለልና ከኮርኒስ ተመልሶ የሚመጣውን ድምፅ ከዋናው ጋር ደርበው ይይዙታል። አንዴ አብሮ ከተቀረጸ በኋላ በኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለይቶ በሚያስተካክለው) ነጥሎ ማውጣት አይቻልም።

የምጽፈው በዋናነት አዲስ አበባ ውስጥ ለምንኖርባቸው ቤቶች ነው፦ ለኮንዶሚኒየም፣ ለቪላ፣ ለሰርቪስ ቤት፣ ለድሮው ጭቃ ቤት። ውጭ አገር ላላችሁም በቦታው የምለው አለኝ።

1. የምትጫወቱትን ምት ፍጥነት አስሉ

ለሁሉም ሙዚቃ የሚሆን አንድ "ጥሩ ክፍል" የለም። ችክችካን እንውሰድ። ምቱ 6/8 ነው። ትልቁ ምት በደቂቃ 120 ጊዜ ቢመታ፣ በእያንዳንዱ ትልቅ ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምቶች ስላሉ፣ ከአንዱ ትንሽ ምት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ 0.17 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ክፍሉ ለአንድ ሰከንድ የሚያስተጋባ ከሆነ፣ የአንዱ ስኔር ምት ድምፅ ሳይጠፋ ቀጣዮቹ አምስት ምቶች ይደርቡበታል። ሃይ ሃቱ ይደበዝዛል፤ ችክችካን ችክችካ የሚያሰኘው ያ የተቆራረጠ ጥራት ይጠፋል። በዚያው ክፍል ውስጥ ዝግ ያለ የትዝታ ዜማ ብትጫወቱ ግን በምቶቹ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ስላለ፣ የክፍሉ ማስተጋባት ያንን ባዶ ቦታ ሞልቶ ያሳምረዋል።

ድራመሮች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት አንድ ቀረጻ አለ። በእንግሊዝ አገር ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ቤት፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)፣ ሌድ ዜፕሊን የተባለው የሮክ ባንድ ድራመር ጆን ቦናም ድራሙን ከደረጃው ግርጌ ባለው አዳራሽ አስቀምጦ፣ የድምፅ መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክ ከላይ ከደረጃው አንጠልጥሎ ቀረጸው። ድምፁ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ይህን ሰምተው ጂ ፕላስ ዋን ቤታቸው ውስጥ ደረጃው ሥር ድራም የሚተክሉ ልጆች አሉ። ሙከራው ጥሩ ነው፤ ደረጃ ያለበት ቦታ ከፍታው ሌላ የትም ክፍል የማይገኝ ነው። ነገር ግን ያ የቦናም ምት ዝግ ያለና ከባድ ነበር። ፈጣን ችክችካ ወይም የጉራጌ ምት እዚያ ከቀረጻችሁ የሚወጣላችሁ ጩኸት ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ልትቀርጹት ያሰባችሁትን ፈጣኑን ዘፈን ያዙና ምቱን አስሉ። ለአብዛኛው የእኛ ሙዚቃ እኔ የምመርጠው ድምፁ ከ0.3 እስከ 0.5 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚሞትበትን ክፍል ነው። ለመገመት፣ ክፍሉ ውስጥ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡና በስልካችሁ ቅረጹት። ከዚያ ኦዳሲቲን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ፣ ድምፁ ከተነሳበት ጀምሮ ከክፍሉ ጸጥታ ጋር እስኪቀላቀል ያለውን ርዝመት ተመልከቱ። የላብራቶሪ ልኬት አይሆንም፤ ሁለት ክፍሎችን ለማወዳደር ግን ይበቃል።

2. ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታን ለኩ

እያንዳንዱ ክፍል ከስፋቱ የተነሳ አለቅጥ የሚያጎላቸው ወፍራም ድምፆች አሉት። የመጀመሪያውን ለማወቅ 172ን በሜትር ለለካችሁት ርቀት አካፍሉ፤ መልሱ በኸርዝ ይመጣል። ቁጥሩ የተገኘው ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ነው፤ 172 ግማሹ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሒሳቡ ይለወጣል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው የአየሩ ሙቀት ስለሆነ፣ እዚህም ይኸው ቁጥር ይሠራል።

አንድ መኝታ ክፍል ርዝመቱ 3፣ ስፋቱ 3፣ ከፍታው 2.8 ሜትር ነው እንበል። 172ን ለ3 ስናካፍል 57፤ ለሌላው 3 እንደገና 57፤ ለ2.8 ደግሞ 61 ይመጣል። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ተከመሩ፤ ቦታው ደግሞ የኪኩ ድምፅ የሚያርፍበት ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ኪክ ስትመቱ ድምፁ ሳይቆረጥ "ቡምምም" እያለ ይጎተታል፤ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ያለው ቶም ደግሞ ደካማ ሆኖ ይሰማል። ድራመሩ ጥፋቱን በድራሙ ላይ አድርጎ ቆዳውን ሲያጠብቅና ሲያላላ ይውላል።

አሁን የዚያኑ ቤት ሳሎን እንይ፦ 5.2 በ3.9፣ ከፍታው 2.9። ቁጥሮቹ 33፣ 44 እና 59 ይሆናሉ። ተራርቀዋል፤ አንዱ ሌላውን አያግዝም። ድምፁ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚጎላ አንድ ኖታ አይኖርም። ሳሎኑ ሰፋ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ሦስቱ ልኬቶቹ የማይመሳሰሉ መሆናቸው ጠቅሞታል።

ሦስት ነገሮችን ሽሹ፦ አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ክፍል፣ አንዱ ልኬት የሌላው ድርብ የሆነበት ክፍል (ለምሳሌ 3 በ6)፣ እንዲሁም ከሁሉ የከፋው ከፍታውም ከስፋቱ ጋር እኩል የሆነ ክፍል። ምርጫ ካላችሁ ለከፍታ 1፣ ለስፋት 1.4፣ ለርዝመት 1.9 የሚለው ምጥጥን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው። ቤት የምታሠሩ ከሆነ ጠቃሚ ነው፤ የተከራያችሁት ቤት ግን ይህን ምጥጥን በትክክል ባያሟላ አትጨነቁ።

3. ከፍታው

በጠበበ ወለል ላይ ያለ ከፍ ያለ ክፍል፣ ሰፊ ከሆነ ዝቅተኛ ክፍል ይሻላል። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው ክፍል ሲመርጥ ወለሉን ብቻ ስለሚያይ።

በቁጥር ላሳያችሁ። ሲምባሉ ከወለል 1.1 ሜትር ላይ ነው፤ ኦቨርሄድ ማይኩ ከሱ 80 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ 1.9 ላይ ቆሟል። ኮርኒሱ 2.4 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ቀጥታ የሚሄደው ድምፅ 80 ሳንቲሜትር ተጉዞ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ወደ ላይ ወጥቶ ከኮርኒሱ የሚመለሰው ደግሞ 1.3 ሜትር ወጥቶ 50 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ በድምሩ 1.8 ሜትር። ልዩነታቸው 1 ሜትር ነው፤ ማለትም ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ3 ሺኛ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ጆሮ እንደ ሁለት ድምፅ አይለየውም። ሁለቱ ማይኩ ላይ ሲገናኙ ግን በ172 ኸርዝ፣ ከዚያ በ515፣ ከዚያ በ860 አካባቢ እያለ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። የስኔሩ ሥጋ ያለው እዚያ ነው። ቀረጻው ቀጭንና ሳጥን ውስጥ የተመታ የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ኮርኒሱን ወደ 3.4 ሜትር ከፍ እናድርገው። ተመላሹ ድምፅ አሁን 3.8 ሜትር ይጓዛል። ቀድሞ ከዋናው በ7 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ያንስ የነበረው አሁን ከ13 ዴሲቤል በላይ ያንሳል። መጠፋፋቱ ሙሉ በሙሉ ባይቀርም ጉልበቱን ያጣል።

በቪላ ሳሎን፣ በየሰፈሩ በቀሩ የድሮ ቤቶች፣ ደረጃ ባለበት አዳራሽ ይህን ከፍታ ታገኛላችሁ። በኮንዶሚኒየም አታገኙም። ከፍታው ዝቅ ካለ ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ከድራሙ በላይ ወፍራም የድምፅ መምጠጫ መስቀል ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ኦቨርሄዱን ከላይ ማንሳትና ከድራመሩ ቀኝ ትከሻ ኋላ ወይም ከኪኩ ፊት፣ በደረት ከፍታ ማቆም ነው። ትንሽ ኮንደንሰር ያለው ሰው ደግሞ ማይኩን ከኮርኒሱ በአንድ ጣት ርቀት ላይ ቢያስረው፣ ቀጥታ የሚመጣውና የሚመለሰው ድምፅ እኩል ይደርሱና መጠፋፋቱ ይቀራል። ያልተለመደ ይመስላል፤ ግን ይሠራል።

4. ፍሎር ቶሙን ይዛችሁ ዙሩ

ልኬቱ ጥርጣሬን ይቀንሳል፤ የሚወስነው ጆሮ ነው። ሙሉ ድራም ከክፍል ክፍል መሸከም አያስፈልግም። ፍሎር ቶምና ስኔር ይበቃሉ።

መጀመሪያ አጨብጭቡ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን፣ ውስጡ ባዶ በሆነ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ስታጨበጭቡ ከጭብጨባው ኋላ "ትርርር" የሚል የብረት ዓይነት ድምፅ ይከተላል። ድምፁ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ግድግዳዎቹ 3 ሜትር ከተራራቁ በሰከንድ 57 ጊዜ ይመላለሳል፤ ጆሮ ያንን መቁጠር ስለማይችል እንደ ንዝረት ይሰማዋል። በስኔሩ ላይ ሲጨመር በጣም ያስጠላል። ጥሩ ዜናው፣ ለመጠገን ከሁሉ ቀላሉ ችግር ይህ መሆኑ ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ ጋቢ ወይም ወፍራም መጋረጃ ሰቅላችሁ እንደገና አጨብጭቡ፤ ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ብቻ አንድን ክፍል አትጣሉ።

ቀጥሎ ጓደኛችሁ ፍሎር ቶሙን በዝግታ፣ እኩል ጉልበት እየሰጠ ይምታ። እናንተ አንድ ጆሯችሁን በጣት ደፍናችሁ ክፍሉን ዞር ዞር በሉበት። ሁለት ጆሮ ሲከፈት አእምሮ የክፍሉን ጥፋት ያርመዋል፤ ማይክ ግን እንዲህ ያለ እርዳታ የለውም። በአንድ ጆሮ ስትሰሙ ማይኩ ወደሚሰማው ትቀርባላችሁ። በአንዱ ቦታ ቶሙ ያገሳል፤ ሁለት እርምጃ ስትሄዱ ሆዱ ባዶ ይሆናል። ልዩነቱ በየእርምጃው ሰማይና ምድር ከሆነ ያ ክፍል ያስቸግራችኋል። ብዙውን ቦታ ተመሳሳይ የሚሰማበት ክፍል ይሻላል።

በዚሁ ጊዜ የሚንቀጠቀጡ ነገሮችን ፈልጉ። ሳሎን ውስጥ ቡፌ ካለ ብርጭቆዎቹና የቡና ሲኒዎቹ ከኪኩ ጋር አብረው ይዘምራሉ። የላላ የብረት መስኮት፣ የቺፕውድ ኮርኒስ፣ የበር እጀታ፣ የመጋረጃ ዘንግ፣ ሁሉም የየራሱ ድምፅ አለው። ድምፅ ማመንጫ የስልክ አፕ አውርዳችሁ በትልቅ ስፒከር ከ40 ኸርዝ እስከ 120 ኸርዝ ቀስ እያላችሁ ውጡ። አንድ ነገር "ዝዝዝ" ሲል እዚያ ቁጥር ላይ አቁማችሁ፣ ዝምታ እስኪመጣ እጃችሁን በየነገሩ ላይ አሳርፉ። ስትነኩት ዝም ያለው እሱ ነው። ሲኒዎቹ መካከል ጨርቅ ይግባ፤ መስታወቱ በወረቀት ይወጠር፤ ኮርኒሱ ምስማር ይጨመርበት።

5. ቤቱ ከምን ተሠራ?

ወፍራም ድምፅን የሚያስቀረው የሚታጠፍ ነገር ነው። ከላይ ሶሌታ፣ ከጎን በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት፣ ከታች ሴራሚክ የሆነ ክፍል ውስጥ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) መውጫ የለውም፤ ይመላለሳል። የቆርቆሮ ጣሪያና የቺፕውድ ኮርኒስ ያለው ቤት ግን ኮርኒሱ እንደ ቆዳ እየተወጠረና እየላላ የቤዙን ጉልበት ይበላል፤ የቀረውም በላይ በኩል ያልፋል። ለዚህ ነው እኔ የድሮ ጭቃ ቤት ሳሎንን ማንም ከሚገምተው በላይ የማከብረው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ቀጥ ብሎ አልተለሰነም፤ ኮርኒሱ ቀላል ነው፤ ወለሉም ብዙ ጊዜ ጣውላ ነው። ድራም እዚያ ውስጥ ሞቅ ብሎና ሳይጎተት ይሰማል። ዋጋው ደግሞ ድምፁ በጣሪያው ወጥቶ ሰፈሩን ማዳረሱ ነው።

ሰርቪስ ቤት ሰዎች የሚመርጡት ከዋናው ቤት ስለሚርቅ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ግን አብዛኞቹ ሰርቪሶች ጠባብ፣ ዝቅ ያሉና እኩል በእኩል ናቸው። ድራሙን ለልምምድ እዚያ አስቀምጡት፤ ለቀረጻ ቀን ሳሎኑን ለምኑ። ለግማሽ ቀን ሶፋውን ገፍቶ ሳሎን ውስጥ መቅረጽ፣ ዓመቱን ሙሉ ሰርቪስ ውስጥ ስፖንጅ ከመለጠፍ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። ሶፋው ራሱ ከክፍሉ አይውጣ፤ ትልቅ መምጠጫ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ አሜሪካ ያላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ያላችሁ ቤዝመንት ነው። ወለሉ በቀጥታ መሬት ላይ ስለሆነ ኪኩ ከታች የሚረብሸው ሰው የለም፤ ድራይዎል (የጂፕሰም ሰሌዳ) ግድግዳውም እንደ ቺፕውዱ ቤዝ ይቀንሳል። ጠላቱ ዝቅተኛ ኮርኒስ ነው፤ ኮርኒሱ ገና ካልተሸፈነና አግዳሚ እንጨቶቹ ከታዩ አትሸፍኑት፤ በመካከላቸው መምጠጫ ሙሉበትና በጨርቅ ዝጉት። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ማማዱ (የቤቱ የቦምብ መጠለያ ክፍል) ይታያችኋል፤ ወፍራም ኮንክሪት፣ የብረት በር፣ ጎረቤት አይሰማም። ነገር ግን ወለሉ ብዙ ጊዜ 9 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በስድስቱም ገጽ ኮንክሪት ነው። ለልምምድ ግሩም፤ ለቀረጻ ግን ከላይ ያልኳቸው መጥፎ ነገሮች ሁሉ የተሰበሰቡበት ክፍል ነው።

6. ጫጫታና ጎረቤት

የውጭ ጫጫታ ወደ ቀረጻው መግባቱ ሰው የሚፈራውን ያህል አያሰጋም። ድራም ከ100 ዴሲቤል በላይ በቀላሉ ይጮኻል፤ የታክሲ ረዳትም ሆነ የውሻ ጩኸት ከሱ ሥር ይዋጣል። የሚሰማው ዘፈኑ ሲያልቅ ሲምባሉ እየሞተ ባለበት ጊዜ ነውና ለመጨረሻዋ ምት ጸጥታ ጠብቁ። ፍሪጁን፣ የውሃ ፓምፑን አጥፉ። ከሁሉ የማይቻለው በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የምትቀርጹ ከሆነ ጠዋቱን ተጠቀሙበት፤ ከሰዓት በኋላ ባለው ሰማይ ላይ ቀጠሮ አትያዙ።

ወደ ውጭ የሚወጣው ድምፅ ግን የእውነት ጉዳይ ነው። ክፍሉን ከመወሰናችሁ በፊት ጓደኛችሁ እየመታ እናንተ ወጥታችሁ በጎረቤት ግድግዳ በኩል፣ በፎቅ ከሆነ ከታች ያለው ቤት በር ላይ ቁሙና ስሙ። ግድግዳ ላይ ስፖንጅ መለጠፍ ድምፁን ከውስጥ ያለዝበዋል እንጂ ወደ ውጭ ከመውጣት አያግደውም። የሚያግደው ክብደትና የቀዳዳ መዘጋት ነው፦ የበር ሥር፣ የመስኮት ጠርዝ። የኪኩ ፔዳል ወለሉን ስለሚመታ ደግሞ ድምፁ በሶሌታው ይሄዳል። በሁለት ወፍራም ጣውላዎች መካከል የቴኒስ ኳሶችን ደርድሮ ድራሙን ከላዩ ማስቀመጥ ይህን ይቀንሳል፤ በአየር የሚሄደውን ግን አይነካም። ከታች ያሉትን እማማ ቡና ጠርታችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ብትነግሯቸው፣ "ቅዳሜ ከ4 እስከ 7 ሰዓት ብቻ ነው" ብትሉና ቃላችሁን ብትጠብቁ፣ ከማንኛውም መከላከያ ይበልጣል።

ለራሳችሁም ጆሮ አስቡ። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ ለ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት፣ ለ100 ዴሲቤል ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈቅደው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ያለ መከላከያ አትምቱ።

7. ድራሙ ክፍሉ ውስጥ የት ይቀመጥ?

ክፍሉን መምረጥ ግማሹ ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ አንድ ሜትር መራቅ ሌላ ክፍል የመግባት ያህል ድምፁን ይቀይራል።

ጥግ ላይ አትትከሉት፤ ጥግ የክፍሉን ወፍራም ድምፆች በሙሉ ይቀሰቅሳል። ትክክለኛው መሃል ላይም አታድርጉት፤ የመጀመሪያው ትልቁ ድምፅ እዚያ ስለሚጠፋ ኪኩ ሆድ አልባ ይሆናል። የምጀምረው ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛው አካባቢ፣ የኪኩ ፊት ወደ ረጅሙ አቅጣጫ እንዲያይ አድርጌ፣ ከግድግዳውም ትንሽ ዘወር አድርጌ ነው። ከዚያ ጓደኛችሁ ኪኩን እየመታ፣ እናንተ ማይኩ በሚቆምበት ቦታ ቆማችሁ ስሙ፤ ድራሙን 30 ሳንቲሜትር ወደፊት፣ 30 ወደ ጎን እያላችሁ ድገሙ። አሰልቺ ነው። ውጤቱ ግን ወዲያው ይሰማል።

ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሊሾ ከሆነ ከድራሙ ሥር ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ከፊቱ ያለውን ወለል ባዶ ተዉት፤ ሕይወት የሚሰጠው ከዚያ የሚመለሰው ነው።

8. ጥቂት ማስተካከያ

በእንቁላል ካርቶን አትልፉ። ቀጭን ወረቀት ነው፤ ቤዙን አይነካም፤ እሳት ቢነሳ ደግሞ ይቀጣጠላል። ቀጭን ስፖንጅ በየግድግዳው መለጠፍም ሌላ ጥፋት አለው፤ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይበላና ወፍራሙን ስለሚተው፣ ክፍሉ የታፈነና የሚያጓራ ይሆናል። ስፖንጅ በተለይ በቶሎ ስለሚነድ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ የሚለኮስበት ክፍል ውስጥ አይቅረብ።

የሚሠራው ውፍረት ነው። አሮጌ ልብስ፣ ብርድ ልብስና ቁርጥራጭ ጨርቅ በጆንያ ሙሉና በሁለት ጥጎች ከወለል እስከ ኮርኒስ ቆልሉት። የማትተኙበት ወፍራም ፍራሽ ካለ ጥግ ላይ ከኋላው ክፍተት ትታችሁ አቁሙት። ከድራሙ በላይ ደግሞ ያልኩትን መምጠጫ ሥሩ፦ 60 በ120 ሳንቲሜትር የሆነ የሞራሌ ፍሬም፣ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት፣ ውስጡ ፋይበር ግላስ ወይም ጨርቅ፣ ላዩ አቡጀዲ። ሁለት ይሁኑ። ከኮርኒሱ አንድ ስንዝር ወርደው ይሰቀሉ፤ ምስማሩ ቺፕውዱን ሳይሆን ከኋላው ያለውን እንጨት ይያዝ። ከዚህ ካለፋችሁ ክፍሉን ትገድሉታላችሁ፤ በኋላ በሶፍትዌር የሚጨመር ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) የዚያን ክፍል ቦታ አይተካም።

ከበሮ ለምትቀርጹ

ከበሮ በእጅ ስለሚመታ ከድራም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የውጭ ጫጫታ እዚህ ላይ ይገባል፤ ጸጥ ያለውን ክፍል ምረጡ። ጠበብ ቢልም ይቻላል። ልዩ ነገሩ ሁለት አፍ ያለው መሆኑ ነው። ትልቁ አፍ ወደ አንዱ ግድግዳ፣ ትንሹ ወደ ሌላው ያያል፤ ፊት ለፊት በሚተያዩ ግድግዳዎች መካከል ቀጥ ብላችሁ ከቆማችሁ ያ "ትርርር" ከሁለቱም በኩል ይመጣል። ሰውነታችሁን ወደ ጥግ አዙራችሁ ከበሮውን በሰያፍ ያዙት። ሁለት ማይክ ካላችሁ ለየአፉ አንድ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ከፊታችሁ አንድ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ሁለቱ አፎች እኩል እስኪሰሙ አንቀሳቅሱት። ቆዳው እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፤ በክረምት ቀዝቃዛና እርጥብ የሆነውን ክፍል ትታችሁ ፀሐይ የሚገባበትን ምረጡ።

9. ቀርጻችሁ አወዳድሩ

ሁለት ክፍሎች ቀርተዋችኋል እንበል። በሁለቱም ያው ድራመር፣ ያው ምት፣ ያው ፍጥነት በክሊክ (ፍጥነት በሚያስጠብቅ የጆሮ ምት)፣ ያው ማይክ፣ ማይኩም ከስኔሩ በእኩል ርቀት። ኦቨርሄዶቹ ሁለት ከሆኑ ከስኔሩ መሃል እስከ እያንዳንዳቸው በገመድ ለኩ፤ ርቀቱ እኩል ካልሆነ ስኔሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ወደ ሞኖ (የግራና የቀኙ ድምፅ ወደ አንድ ሲደባለቅ) ሲቀየርም ይሳሳል። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። በስልክ ብቻ የምትቀርጹ ከሆነ ስልኩ ድምፁን በራሱ ከፍና ዝቅ እንዳያደርግ በእጅ የሚስተካከል አፕ ተጠቀሙ፤ ካልሆነ ሁለቱም ክፍሎች አንድ ይመስላሉ።

ስታዳምጡ ሁለቱን እኩል ጮክ አድርጉ። ጎላ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የስኔሩ ምት ከቀጣዩ በፊት ይሞታል? ኪኩና ፍሎር ቶሙ ተለይተው ይሰማሉ? ሲምባሉ ያቆስላል ወይስ ያበራል? ሦስቱንም አንድ ክፍል ካላሸነፈ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያሸነፈው ይመረጥ፤ ሌሎቹን በቦታ ለውጥና በጥቂት መምጠጫ ማገዝ ይቻላል።

ሁለቱም መጥፎ ከሆኑ ማይኮቹን አስጠግታችሁ ቅረጹ፤ ኪኩ ውስጥ፣ ከስኔሩ አራት ጣት ርቀት፣ ኦቨርሄዱንም ዝቅ አድርጋችሁ። ክፍሉ በተሻለ ቁጥር ማይኩን እያራቃችሁ ሂዱ።

የተስማማችሁበትን ቦታ ካገኛችሁ የኪኩን፣ የስታንዶቹንና የወንበሩን እግሮች በወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ የማይኮቹን ከፍታም ጽፋችሁ ፎቶ አንሱት። ሶፋው ለእንግዳ ወደ ቦታው ሲመለስና ድራሙ ሲነሳ፣ ለሚቀጥለው ዘፈን ሥራው ከዜሮ አይጀመርም።